ሮክ መቅዳት ለምትፈልጉ አንድ ባለሙያ ልጠቁማችሁ

የባንዳችን አልበም ሚክሱም ማስተሪንጉም አልቆ እጃችን ገብቷል። ለቤተሰብና ለጓደኞች ያለንን ምስጋና በአልበሙ ላይ እንጽፋለን፤ ይሄኛው ለቀዳን ሳውንድ ኢንጂነር ነው። ስሙ እዚህ እንዳይወጣ ስለለመነኝ «ኢንጂነሩ» እያልኩ ልቀጥል።

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙው ስቱዲዮ የተሰናዳው ለኪቦርድና ለድምፃዊ ነው። ድራሙ ከኮምፒውተር ይወጣል፣ ጊታርም ካለ በኬብል በቀጥታ ይገባል። የሮክ ቡድኑ ጃኖ ባንድ በፈረንጆቹ 2012 የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ ነገሩ የሚለወጥ መስሎኝ ነበር፤ አምፕሊፋየር (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ፊት ማይክ የሚያቆም ሰው ግን ዛሬም ተፈልጎ ነው የሚገኘው።

ጊታሩን የቀዳነው መለማመጃ ቤታችን ነው፤ ኢንጂነሩ ዕቃውን ተሸክሞ መጣልን። አምፑ ገና ሲበራ «እምምም» ማለት ጀመረ። እሱ ጊታሬን ሳይነካ ሶኬቱን በመለኪያ ፈተሸ፤ ግራውንዱ (ወደ መሬት የሚሄደው መስመር) ለካ ጭራሽ አልተገናኘም። ኤሌክትሪሺያን ጠርተን ካስተካከልን በኋላ የቀረችው ትንሽ ጉምጉምታ ከመብራቱ 50 ኸርዝ የምትመጣ ናት፤ የኔ ጊታር ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) ነጠላ ኮይል፣ ማለትም ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ፣ ስለሆነ እንደ አንቴና ይቀበላታል። ወንበሬን እያዞረ ድምፁ የሚጠፋበትን አቅጣጫ ፈለገና ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አደረገ። አልበሙን ሙሉ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው የተጫወትኩት።

ከሁሉም በላይ የማመሰግነው ግን በአንቺሆዬ ቅኝት ስለሠራነው ዘፈን ነው። ቅኝቱን ከሲ (C) ብትጀምሩት ሲና ሲ ሻርፕ፣ ኤፍና ኤፍ ሻርፕ ጎን ለጎን ይመጣሉ። ዲስቶርሽን (የሮክ ጊታርን ድምፅ ሆን ብሎ የሚያሻክረው) ደግሞ አብረው የገቡ ድምፆችን እርስ በርስ አደባልቆ ማንም ያልመታቸውን ሌሎች ድምፆች ይፈጥራል፤ ሮከሮች ዋናውን ኖታና አምስተኛውን ብቻ መያዝ የሚወዱት ለዚህ ነው። እኔ አራቱንም አንድ ላይ ስመታ ወፍጮ ቤት ሆነ። ዘፈኑን ወደ ትዝታ ልቀይረው ስል «ቅኝቱን አትንካ፣ ኖታዎቹን ለየብቻ ቅዳ» አለኝ። እያንዳንዱን በራሱ ትራክ፣ በራሱ ዲስቶርሽን ቀዳንና በኋላ ደረብናቸው። ሻካራነቱ እንዳለ ሆኖ አንቺሆዬው ጥርት ብሎ ይሰማል። ይህን የነገረኝ አስተማሪም ጊታሪስትም አላጋጠመኝም።

ሰዓት አክባሪ ነው ብዬ አልዋሽም። ምላሱም ስለታም ነው፤ አንድ ቀን «ግጥሙን አንተም ገና አላመንክበትም» ብሎ ወደ ቤቴ መልሶኛል (እውነቱን ነበር፣ ሁለተኛው አንጓ ተቀይሯል)። ኦቶቲዩን (የድምፃዊን ቃና በኮምፒውተር የሚያቃና) እንደ በርበሬ የምትወዱ ሌላ ቦታ ሂዱ። የሚያስከፍለው በሰዓት ሳይሆን በዘፈን ነው፣ ቀብድ ይቀበላል፣ ሥራው ሲያልቅ ያልተሚከሰውን (ገና ያልተዋሃደውን) ትራክ በሙሉ ያስረክባል። በዚህ ጉዳይ ከስቱዲዮ ጋር የተጣላ ሁሉ ጥቅሙን ያውቃል።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ድራም የምትቀዱ ከሆነ ግን ቆዳውን ቀይራችሁ ሂዱ፤ አሮጌ ቆዳ ካየ ማይክ አያወጣም።