ብዙ ፈረስ፣ አንድ ትኬት፦ በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር የአንድ ውርርድ ቤት የፈረስ አገልግሎት ሲመዘን

ድሬዳዋ ላይ ኳስ የሚቆርጥ ሰው ኦድ (ያስያዘው ብር በስንት እንደሚባዛለት የሚነግረውን ቁጥር) ማንበብ አያቅተውም። ሦስት ቁጥር ነው፦ ያሸንፋል፣ እኩል ይወጣል፣ ይሸነፋል። ያው ሰው ወደ ፈረሱ ሲዞር 12፣ 20፣ አንዳንዴም 34 ቁጥር ይደረደርለታል፤ ዓይኑም ትልቁ ኦድ ላይ ያርፋል። ብዙ ፈረስ በሚሮጥበት ውድድር ሰውን የሚበላው ግን ከፈረስ ምርጫው ይልቅ የትኬቱ ውል ነው። እስከ ስንተኛ ደረጃ ይከፈላል? ለደረጃ የሚከፈለው ከኦዱ ምን ያህሉ ነው? ፈረስ ከውድድሩ ቢወጣስ? ግብሩስ? ከዚራ ውስጥ ያለን አንድ ውርርድ ቤት በእነዚህ ጥያቄዎች መዝነነዋል። ስሙን አንጠቅስም፤ ጉድለቱ የእሱ ብቻ አይደለምና።

ቤቱ የሚሸጠው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቀኑን ሙሉ በስክሪን የሚሮጠው ቨርቹዋል ፈረስ ነው። ሁለተኛው ትልልቅ የውጭ ውድድሮች ሲመጡ የሚከፈተው እውነተኛው የፈረስ ውርርድ ነው። ሁለቱም በአንድ መስኮት ይቆረጣሉ፣ በአንድ ዓይነት ወረቀት ይታተማሉ። የመጀመሪያው ስህተት እዚህ ይጀምራል፤ ሰው ሁለቱን በአንድ ዓይን ያያቸዋል።

ቨርቹዋሉ ላይ ፈረስ የለም። ውጤቱን የሚያወጣው የኮምፒውተር ዕጣ ነው፤ ሩጫው እሱን ተከትሎ የሚታይ ምስል ነው። ስለዚህ የፈረሱ ስም፣ የጋላቢው ቀለም፣ ባለፉት ዙሮች ስንተኛ መውጣቱ ምንም አይነግርህም። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለፉት ውጤቶች ስለሚደረደሩ ግን ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሲሞላ አንድ ንግግር አይጠፋም፦ «7 ቁጥር ከጠፋ ቆየ፣ አሁን ይወጣል»። ሒሳቡ እንዲህ ነው። 12 ፈረሶች እኩል ዕድል ቢኖራቸው፣ አንድ የተወሰነ ቁጥር በ20 ተከታታይ ዙር አንዴም ሳያሸንፍ የመቅረት ዕድሉ 17.5 በመቶ ገደማ ነው። ከስድስት አንድን በትንሹ የሚበልጥ ማለት ነው፤ ብርቅ ነገር አይደለም። በ21ኛው ዙርም የ7 ቁጥር ዕድል ያው ከ12 አንድ ነው። የጠፋ ቁጥር እያሳደዱ መደብ (የሚያስይዙትን ብር) መጨመር ኪሳራውን ብቻ ያፋጥነዋል።

ከዚህ የሚከፋው የቤቱ ድርሻ ነው፤ ይህን ማንኛውም ሰው በስልኩ ካልኩሌተር ሊያወጣው ይችላል። ለእያንዳንዱ ፈረስ 1ን ለኦዱ አካፍል፣ ሁሉንም ደምር። ለምሳሌ ሰሌዳው 5፣ 6፣ 7፣ 8፣ 9፣ 10፣ 11፣ 12፣ 15፣ 18፣ 20 እና 25 ቢል ድምሩ 1.23 ይመጣል። ያለ ትርፍ ቢሆን 1 ይሆን ነበር። 1ን ለ1.23 ስታካፍል 0.81 ገደማ ታገኛለህ፤ ለሰሌዳው ከተቆረጠው ከየ100 ብሩ በአማካይ 81 ብር ለተጫዋች ይመለሳል፣ 19 ብሩ የቤቱ ነው። ኳስ ላይ 2.10፣ 3.30 እና 3.50ን በዚሁ መንገድ ብትደምር ግን 1.065 ነው የሚሆነው። ፈረስ በጨመረ ቁጥር በእያንዳንዱ ኦድ ላይ የሚሸረፈው ትንሽ ነገር እየተደመረ ይሄዳል፤ ኦዱ ትልቅ ስለሆነ ግን ዓይን አይይዘውም። በዚያ ላይ ፍጥነቱ አለ። በየሦስት ደቂቃው 20 ብር የሚያስይዝ ሰው በሰዓት 400 ብር ያዞራል፣ ከእሱም በአማካይ 75 ብር ይተዋል። እኛ ቨርቹዋሉን ለማንም አንመክርም። የቤቱ ስክሪን ጥራት፣ የወንበሩ ምቾትና የማራገቢያው ቅዝቃዜ ይህን ሒሳብ አይለውጡትም።

ወደ እውነተኛው እንለፍ፤ ዕውቀት የሚሠራው እዚህ ነውና።

መጀመሪያ ሰዓቱ። እንግሊዝ ኤይንትሪ ላይ የሚካሄደው ግራንድ ናሽናል ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአገሩ ሰዓት ከቀትር በኋላ በ4 ስለሚጀመር ለድሬ ልክ ምሽት 12 ሰዓት ነው፤ ቤቱ ክፍት ነው፣ የወጣ ፈረስ ካለም እስከ መጨረሻው ደቂቃ ማየት ይቻላል። የአሜሪካው ኬንታኪ ደርቢ ግን የሚሮጠው በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። የአውስትራሊያው ሜልቦርን ካፕ ደግሞ ማክሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት። ለእነዚህ ሁለቱ መስኮቱ ሳይዘጋ አመሻሹ ላይ ትቆርጣለህ፤ ሌሊት ፈረስ ቢወጣ ወይም ሜዳው ዝናብ ጠጥቶ ቢበላሽ ማስተካከያ የለህም። ለከዚራ ተጫዋች የሚመቸው ኤይንትሪ ብቻ ነው ብለን የምናምነው ለዚህ ነው።

ግራንድ ናሽናል ሃንዲካፕ ነው። ይህን ሳያውቁ መቁረጥ ትልቅ ስህተት ነው። በሃንዲካፕ ጠንካራው ፈረስ የበለጠ ክብደት ተሸክሞ ይሮጣል፤ ዓላማው ሁሉንም በተቻለ መጠን እኩል ማድረግ ነው። «ባለፈው አሸንፏል» ብለህ ስትቆርጥ ያ ድል ክብደት እንደጨመረበት ረስተሃል። ርቀቱ ወደ 6.9 ኪሎ ሜትር ነው፣ መዝለያው 30 ነው፤ 16 አጥሮች ተሠርተው 14ቱ ሁለት ጊዜ ይዘለላሉ። የሯጩ ከፍተኛ ቁጥር ከ40 ወደ 34 የወረደው በ2024 ነው። በ2023 ከተሰለፉት 39 ፈረሶች ውድድሩን የጨረሱት 17 ብቻ ነበሩ። ስለዚህ «አሸናፊው የትኛው ነው?» ከማለት በፊት «ይህን ርቀት ጨርሶ ያውቃል ወይ? መዝለሉስ ንጹሕ ነው ወይ?» ማለት ይቀድማል። ጉግስ ላይ ያደገ ሰው ፈረስ ፍጥነት ብቻ እንዳልሆነ አያጣውም፤ ስክሪን ፊት ሲቀመጥ ግን ይረሳዋል።

ቀጥሎ «ኢች ዌይ» የሚባለው አለ፤ ቤቱ በብዛት የሚያደናግረው እዚህ ነው። ኢች ዌይ ሁለት ውርርድ ነው፤ አንዱ ለማሸነፍ፣ አንዱ ለደረጃ። 100 ብር ኢች ዌይ ካልክ የምትከፍለው 200 ብር ነው። በእንግሊዝ የተለመደው ውል እንዲህ ነው፦ ከ5 እስከ 7 ፈረስ ሲሮጥ ለሁለት ደረጃ ሩብ፣ 8 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ለሦስት ደረጃ አንድ አምስተኛ፣ ከ12 እስከ 15 ፈረስ ባለው ሃንዲካፕ ለሦስት ደረጃ ሩብ፣ 16 እና ከዚያ በላይ ባለው ሃንዲካፕ ለአራት ደረጃ ሩብ ይከፈላል። ሩቡ የሚወሰደው ከትርፉ ነው። ኦዱ 21.00 ከሆነ ትርፉ 20 ነው፣ ሩቡ 5፣ መደቡ ሲጨመር 6። ፈረሱ ሦስተኛ ቢወጣ 600 ብር ትቀበላለህ። 21ን በቀጥታ ለአራት አካፍሎ 5.25 የሚያሰላ ቤት 75 ብርህን ወስዷል። ሦስት ደረጃ ብቻ በአንድ አምስተኛ የሚከፍል ከሆነ ደግሞ 500 ይሆናል፣ አራተኛ ከወጣ ዜሮ።

ይኸው ስሌት ሌላ ስህተት ያሳያል። ፋቮራይትን (ኦዱ ከሁሉም ያነሰውን፣ ያሸንፋል ተብሎ የሚጠበቀውን ፈረስ) ኢች ዌይ መቁረጥ ጥንቃቄ ይመስላል። ኦዱ 5.00 ከሆነ ለደረጃው በሩብ የሚመጣው ልክ 200 ብር ነው፤ የከፈልከው ተመለሰ። 4.00 ከሆነ 175 ብር ይመጣል፤ ፈረስህ «ገብቶልህ» 25 ብር ከስረሃል። ውሉ አንድ አምስተኛ ሲሆን ልኩ ወደ 6.00 ከፍ ይላል። ከዚህ በታች ከሆነ ወይ ለማሸነፍ ብቻ ቁረጥ፣ ወይ ተወው።

የገመገምነው ቤት ትኬት ላይ «ኢች ዌይ» የሚለው ይታተማል፤ የደረጃው ብዛትና ክፍልፋዩ አይታተምም። ደንቡ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ በእንግሊዝኛ፣ በጥቃቅን ፊደል። ካሸሪዋ ስትጠየቅ በትሕትና ታስረዳለች፤ ግን ክርክር ሲነሳ የሚፈርደው የታተመው ነው። ይህ ለእኛ የአገልግሎቱ ትልቁ ጉድለት ነው፤ አንድ መስመር በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ማተም ከባድ ነገር አይደለም።

የወጣ ፈረስም ሒሳቡን ይነካል። ሃንዲካፕ ላይ 16 ተመዝግበው አንዱ ቢቀር 15 ይሆናሉ፣ አራተኛው ደረጃ ከክፍያ ይወጣል። በ2024 ግራንድ ናሽናል ከ34ቱ የተነሱት 32 ነበሩ። በዚያ ላይ «ሩል ፎር» የሚባል ቅናሽ አለ፦ የወጣው ፈረስ በኦድ 5.00 ላይ የነበረ ከሆነ ከትርፍህ 20 በመቶ ይቀነሳል፤ ከ7.00 እስከ 10.00 ከሆነ 10 በመቶ፤ ከ15.00 በላይ ከሆነ ምንም። የሯጮቹ ዝርዝር ሳይጸድቅ ሳምንታት ቀድመህ ከቆረጥክ ግን ሌላ ነው፤ ፈረስህ ባይሮጥ መደብህ አይመለስም። ቀድሞ የሚታየው ትልቅ ኦድ ዋጋው ይህ ነው። ሁለት ፈረሶች እኩል ከገቡ ደግሞ ሙሉ ኦዱ የሚሰላው በግማሽ መደብ ላይ ነው።

ስለ ልማድ መከተል አንድ እውነተኛ ምሳሌ ይበቃል። ኬንታኪ ደርቢ ላይ ከ2013 እስከ 2018 ስድስት ዓመት በተከታታይ ፋቮራይቱ አሸነፈ። «ደርቢ የፋቮራይት ነው» ተባለ። ከ2019 እስከ 2025 ባሉት ሰባት ዓመታት አንድም ፋቮራይት አላሸነፈም፤ በ2022 ሪች ስትራይክ በ80 ለ 1 ገብቶ ለ2 ዶላር 163.60 ከፈለ። ያ ፈረስ ዝርዝሩ ውስጥ የገባው ሌላው በመውጣቱ ነበር። አሁን ደግሞ ተቃራኒው ይወራል፣ «ደርቢ የትልቅ ኦድ ነው»። እስከ 20 ፈረስ በሚሮጥበት ውድድር የጥቂት ዓመታት ተከታታይ ውጤት የሚያስረዳው በጣም ትንሽ ነው።

ተከታትለው የሚገቡትን መገመትን (ሁለት ሲሆን ፎርካስት፣ ሦስት ሲሆን ትሪካስት) በአጭሩ እናልፈዋለን። በ20 ፈረስ የመጀመሪያዎቹን ሦስት በቅደም ተከተል ማግኘት 6,840 አማራጭ አለው። አምስት ፈረስ «ቦክስ» ስትል፣ ማለትም ከአምስቱ ሦስቱ በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢገቡ እንዲከፈልህ ስትቆርጥ፣ 60 ትኬት ቆርጠሃል፤ በ10 ብር ከሆነ 600 ብር ነው። ካሸሪዋ ጠቅላላውን ሳትነግርህ አትክፈል።

ግብሩን ሰው የሚያስታውሰው ካሸነፈ በኋላ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በዕድል ጨዋታ ከተገኘ ገንዘብ ላይ 15 በመቶ ጥሎ ነበር፤ ከ1,000 ብር ያነሰውን አይነካም፣ ኪሳራንም አያቀናንስም ነበር። በዚህ ስሌት 45 ብር በ21.00 ኦድ 945 ብር ያስገኛል፣ ግብር የለውም። 50 ብር 1,050 ያስገኝና 157.50 ይቀነሳል፤ እጅህ የሚገባው 892.50 ነው። ብዙ መድበህ ያነሰ ወሰድክ። ትልቅ ኦድ ከኳስ ነጠላ ትኬት ይልቅ ቶሎ ወደዚህ መስመር ስለሚያደርስ፣ ፈረስ ላይ መደብህን ከመወሰንህ በፊት ትኬቱ ላይ በሚታየው የግብር መጠን አስላው። ከመደቡም ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ ተቀንሶ ከታተመ ኦዱ የሚባዛው በቀሪው ነው፤ 100 ብር ውስጥ 15 በመቶው ተካቶ ከሆነ የሚጫወተው 86.96 ብር ነው።

የቤቱን መልካም ጎንም እንናገር። እውነተኛ ውድድር ላይ ኦዱን በቆረጥክበት ሰዓት ቆልፎ ያትማል። ውድድሩ ሲጀመር ያለውን ዋጋ ብቻ ጽፎ የሚሰጥ ቤት ቢሆን ምን እንደሚከፈልህ አስቀድመህ አታውቅም። መስኮቱ ላይ ሰው አይጉላላም፣ የተሳሳተ ትኬት ውድድሩ ሳይጀመር ይሰረዛል፣ ክፍያም ሳይንዛዛ በእጅ ወይም በቴሌብር ይፈጸማል።

ለእውነተኛው ፈረስ አገልግሎት ከአምስት ሦስት እንሰጣለን፤ የደረጃው ውል ትኬት ላይ ከታተመ አራት ይገባዋል። ለቨርቹዋሉ አንድ። ትኬቱ የሚታተመው በሙቀት በሚሠራ ወረቀት ነው፤ የድሬ ፀሐይ ላይ ባጃጅ ዳሽቦርድ ላይ ከተተወ ይጠቁርና ቁጥሩ አይነበብም። ከመስኮቱ ሳትርቅ ፎቶ አንሳው፤ የትኬቱ ቁጥር፣ ሰዓቱና ኦዱ በግልጽ ይታዩ።