ወንድሜን ለደመወዝ ላበቃችው መምህርት ምስጋና፣ እንደ እኛ ላላችሁ ቤተሰቦችም ጥቆማ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፤

ይህን የምጽፈው አንዲትን የልዩ ፍላጎት መምህርት በአደባባይ ለማመስገን ነው። ደግሞም ቤታችሁ የአእምሮ እድገት ውስንነት፣ ዳውን ሲንድሮም ወይም ኦቲዝም ያለበት፣ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ቤት የዋለ ወጣት ካለ እንድታውቋት ብዬ ነው። "ስሜን እንዳትጽፊ" ስላለችኝ ስሟን አልጽፍም። በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ግን ስልኳን እሰጣለሁ፤ ለዚያ ፈቅዳልኛለች።

ታናሽ ወንድሜ 23 ዓመቱ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት። ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፤ አንዴ ከገባው ግን አይረሳም። እዚሁ ደሴ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት ክፍል ውስጥ ተምሯል። ስሙን መጻፍ፣ ብር መለየት፣ ሰዓት ማየት እዚያ ነው የለመደው። ከዚያስ? ይህ ጥያቄ እንደ እኛ ያለ ቤተሰብ ሁሉ ጥያቄ ነው። ብሔራዊ ፈተና ያልወሰደ ልጅ ቴክኒክና ሙያ መግባት ይቸግረዋል። ልዩ ፍላጎት ክፍሉ ውስጥ እንዳይቆይ ደግሞ ዕድሜው አለፈ። ስንት ቤት ነው ነገሩ እዚህ ላይ የሚቆመው! ልጁ ቴሌቪዥን ፊት ይውላል፤ እናት እሱን ጥላ የትም አትሄድም።

መሃል ላይ አንድ ድርጅት "ይልመድ" ብሎ ወስዶት ነበር። ለወራት ሲጠርግና ዕቃ ሲያመላልስ ከረመ። ክፍያ ስንጠይቅ "እኛ እኮ ለእሱ ብለን ነው" አሉን። እናቴ ያን ቀን ያለቀሰችውን ለቅሶ አልረሳውም። "ልጄ ሠርቷል፤ የሠራበትን ይስጡት እንጂ ምን ለእሱ ብለን ይላሉ?" ነው ያለችው።

መምህርቷን ያገኘናት ከዚያ በኋላ ነው። ጠዋት ታስተምራለች። ከሰዓት ደግሞ ትምህርት የጨረሱ ልጆችን ሥራ ታስይዛለች። በዚህ ሥራዋ የምትቀበለው የትራንስፖርት ብቻ ነው።

መጀመሪያ ቤታችን መጣች። ፈተና አልፈተነችውም፤ ቅጽም አላስሞላችንም። ቡና እየተፈላ ቁጭ ብላ አየችው። እናቴ ከገመድ የወረደ ልብስ ስታጥፍ ወንድሜ ያግዛት ነበር። እሱ ሲያጥፍ ዳር ከዳር ካልገጠመ ፈትቶ እንደገና ነው የሚጀምረው። ሰው ግትርነት ይለዋል። እሷ ግን ስልኳን አውጥታ በቪዲዮ ቀረጸችው። ከዚያ ወደ እናቴ ዞር ብላ "አብሽሩ እትዬ፤ ሥራውማ ይኸው" አለቻት።

ያንን ቪዲዮ ይዛ ሆቴል ለሆቴል ዞረች። የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ "እጅ የሚያጥራችሁ የትኛው ሥራ ላይ ነው?" ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ሆቴል መልስ ነበረው። ክፍል የሚያነጥፉት ልጆች አንሶላና ፎጣ ሲያጥፉ ግማሽ ቀናቸው ያልቃል። ክረምት ላይማ ይብሳል። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ። ጦሳ ጉም ለብሶ ሲውል የታጠበ አንሶላ አይደርቅም፤ ፀሐይ ብልጭ ስትል ሁሉም ባንዴ ይወርዳል። እሷም መለየቱን፣ ማጠፉንና በየፎቁ ማድረሱን አንድ ላይ ሰብስባ ለአንድ ሰው የሚበቃ ሥራ አድርጋ ለሥራ አስኪያጁ አሳየችው።

ዘዴውን ከየት እንዳመጣችው ጠይቄያት ነበር። አሜሪካ ውስጥ፣ ሲንሲናቲ የሚባል ከተማ ባለ የሕፃናት ሆስፒታል፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረ ነገር አለ። የድንገተኛ ክፍሉን ትመራ የነበረች ነርስ የሕክምና ዕቃ በየመደርደሪያው የሚሞላላት ሰው አልበረክት አላት። አንዱ ይገባል፤ ብዙም ሳይቆይ ይለቃል። ታዲያ ይህን ሥራ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ወጣቶች ለምን አይማሩትም ብላ ተነሳች። ፕሮጀክት ሰርች የሚባለው፣ ዛሬ በብዙ አገር የተስፋፋው ፕሮግራም የተጀመረው እንዲህ ነው። ልጆቹ የሚሠለጥኑት እዚያው ሥራው ያለበት ቦታ ላይ ነው።

መምህርታችንም የምትለው ይህንኑ ነው። ክፍል ውስጥ ማጠፍ የተማረ ልጅ ሆቴል ሲገባ ይደናገራል። ጠረጴዛው ሌላ፣ ጩኸቱ ሌላ፣ ሰዉ ሌላ። ስለዚህ መጀመሪያ ሥራው ይገኝ፤ ትምህርቱ እዚያው ይሰጥ።

ስታስተምረው አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። አንሶላ ማጠፍን በትንሽ በትንሹ ከፋፈለችው። ሁለቱን ጫፍ ያዝ። እጅህን ዘርጋ። ግራውን ወደ ቀኝ አምጣ። ዳሩን አስተያይ። አሁን አስቀምጥና በመዳፍህ ዳሰው። እያንዳንዷን ፎቶ አንስታ፣ አሳትማና ላሚኔት አስደርጋ ከጠረጴዛው በላይ በተርታ ለጠፈችለት። መጀመሪያ እጁን ይዛ አሠራችው። ቀጥላ በጣቷ ብቻ ታሳየው ጀመር። በኋላ ዝም ብላ መቆም ሆነ። ሲሳሳት ቶሎ አትናገርም፤ ራሱ እስኪያየው ትታገሣለች። እድፍ ያልለቀቀውን ፎጣ ከንጹሑ ጋር እየቀላቀለ ሲያስቸግር ቀይና ሰማያዊ ሳፋ ገዝታ መጣች። ቀዩ ተመልሶ ለሚታጠበው፣ ሰማያዊው ወደ ላይ ለሚወጣው። መቀላቀሉ በዚያው ቀረ።

እየቆየች ደግሞ ራቅ ማለት ጀመረች። ከጠረጴዛው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ግቢው። አሁን በስልክ ብቻ ነው የምትከታተለው። የሆነ ነገር ሲቀየር ግን ትመጣለች። አዲስ ማጠቢያ ማሽን የገባ ጊዜ ማንም ሳይጠራት ከተፍ አለች።

ታክሲውንም እንደዚሁ ነው ያስተማረችው። ከቧንቧ ውሃ ፒያሳ። መሳፈሩ አላስቸገረውም፤ ጭንቁ መውረዱ ላይ ነበር። "ወራጅ አለ!" ለማለት ያፍራል፤ ድምፁ አይወጣለትም። እሷ ከኋላው ትቀመጥና መውረጃው ሲቃረብ ትከሻውን ነካ ታደርገዋለች። አንድ ቀን ሳትነካው "ወራጅ!" አለ። ረዳቱ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ እሷ ግን ደስታዋን መደበቅ አቅቷት አጨበጨበች። ዛሬ ብቻውን ሄዶ ብቻውን ይመለሳል። እናቴም ከስንት ዓመት በኋላ ሰኞ ገበያ ተረጋግታ መዋል ጀምራለች።

ከወንድሜ እኩል የለፋችው የሆቴሉ ሰዎች ላይ ነው። የላውንደሪ ኃላፊዋ ደግ ሴት ናት። ስታዝ ግን ሦስት አራት ነገር በአንድ ትንፋሽ ነው። ወንድሜ የመጨረሻዋን ብቻ ይዞ ይሄዳል። "አንድ በአንድ ንገሩት፤ ያላችሁትን መልሶ ይንገራችሁ" አለቻቸው። "ሚስኪን" የምትለዋን ነገርም አስተወቻቸው። ከተሳሳተ ይነገረው፣ ካረፈደ ይጠየቅ፣ እንደማንኛውም ሠራተኛ። ይህን ስትል በጣም ኮስተር ብላ ነው። እውነቷን ነው፤ የሚታዘንለት ሰው የሥራ ባልደረባ ሊሆን አይችልም።

አሁን ወደ ደመወዙ። ይህን ክፍል ወላጆች በደንብ አንብቡልኝ። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ "የኪስ ገንዘብ እንሰጠዋለን" ነበር ያለው። እሷ ቦርሳዋ ውስጥ ፎቶ ኮፒ አይጠፋም። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000ን አወጣች። አዋጁ የአእምሮ ጉዳትንም ይጨምራል። አሠሪው የሥራ ሰዓቱን፣ መሣሪያውንና የሥራውን አካሄድ ለሠራተኛው እንዲመች ማስተካከል እንዳለበት ይናገራል። ቀጥላ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም መብቱ እንደሌላው ሠራተኛ ነው፤ ስለዚህ "ይልመድ" እየተባለ ለወራት በነፃ መሥራት የለም። ይህን ሁሉ ያስረዳችው ሳትጨቃጨቅ፣ ሻይ እየጠጣች ነው። የሠራውን ሥራም በወረቀት ይዛለች፤ በሰዓት ስንት አንሶላ፣ ስንት ፎጣ። ሥራ አስኪያጁም ወረቀቱን አይቶ ተስማማ።

በጽሑፍ ውል ተፈረመ። ደመወዙ እዚያው ሥራ ላይ ካሉት ጋር አንድ ነው። ጡረታው ይቆረጣል፤ 7 በመቶ ከእሱ፣ 11 በመቶ ከአሠሪው። የዓመት ፈቃዱም በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። ሰው ጡረታ ሲቆረጥበት ያማርራል። እናቴ ግን ያችን የክፍያ ወረቀት አጣጥፋ ሳጥኗ ውስጥ አስቀምጣታለች። እሷ ሳትኖር ልጇ ምን ይሆናል የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ሲነሳት የኖረ ሴት ናት።

ባንክ ሲከፍትም መምህርቷ አልተለየችም። ፋይዳ መታወቂያውን ይዞ በራሱ ስም አካውንት ከፈተ። ፊርማውን ቤት ሲለማመድ ስለከረመ እዚያ እጁ አልተንቀጠቀጠም።

አንድ ነገር ግን ማንም አላስተማረውም፤ ማንም አልጠየቀለትምም። የሆቴሉ ሠራተኞች ዕቁብ አላቸው። አንድ ማታ መጥቶ "ዕቁብ ገባሁ" አለን። ሰብሳቢዋ "አንተስ አትገባም ወይ?" ብላው ነው። ዕጣው የደረሰው ለት ለእናቴ ብርድ ልብስ ገዛላት፤ የቀረውን አካውንቱ ውስጥ አስገባ።

እሷን ለማግኘት ለምታስቡ ጥቂት ነገር ልበል። ሁሉንም ልጅ ሥራ አስይዛለሁ ብላ ቃል አትገባም። መጀመሪያ ዓይኑና ጆሮው ታይቷል ወይ ብላ ትጠይቃለች። ዳውን ሲንድሮም ካለ የታይሮይድ ምርመራም እንዲደረግ ትመክራለች፤ እነዚህ ችግሮች ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ ይታያሉና፣ ልጁ "ሰነፍ" የተባለው ስለማይሰማ ብቻ ሊሆን ይችላል። ልጁ ራሱ ካልፈለገ አትጀምርም። ጩኸት የሚያስጨንቀው ኦቲዝም ያለበትን አንድ ልጅ ቤተሰቦቹ ምግብ ቤት አስገቢልን ቢሏት እምቢ አለች። ጊዜ ወሰደባት እንጂ ጸጥ ያለ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር አገኘችለት። ቤተሰብም የቤት ሥራ አለበት። ጠዋት በሰዓቱ መነሳት፣ ልብሱን ራሱ መልበስ፣ ስልክ ማንሳት። እሱን ቤት ለምዶ መምጣት አለበት።

መምህርታችን፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። እናቴ በየሶላቷ ታስታውስሻለች። "ልጅሽ ይባረክ፣ እጅሽ አይዛል፣ ያሰብሽው ሁሉ ይሙላልሽ" በይልኝ ብላኛለች። ወንድሜ ደግሞ በእረፍት ቀኑ ምሳ ሊጋብዝሽ ይፈልጋል። ሒሳቡን ራሱ ነው የሚከፍለው፤ እምቢ እንዳትዪው።

አሠሪዎችንም ልጥራ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐረጎን ወርዳ ኮምቦልቻ የምታያቸው ልጆች አሏት። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ፣ ከ2009 ጀምሮ ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ። ማሸግ፣ መለየት፣ መደርደር፣ ምልክት መለጠፍ በየቦታው አለ። ሰው ገብቶ ቶሎ የሚለቅበት ሥራ ካላችሁ አሳዩዋት። መጥታ ታያለች፤ ከሆነ ሠራተኛውን ይዛ ትመጣለች፣ እስኪለምድም አብራው ትቆማለች። ጠዋት ክፍል ውስጥ ስለሆነች ስልክ አታነሳም። ከ7 ሰዓት በኋላ ደውሉላት።