ጎበዝ ቀለም ቀቢ ለምትፈልጉ፦ የእናቴን ሳሎን ያዳነልንን ልጅ ልጠቁማችሁ

ሰላም ወገኖቼ። ይሄን ልጅ በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ህሊናዬ አይፈቅድልኝም። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለማሳደስ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

አባዬ ነፍሱን ይማርና በ1998 ዓ.ም. ቤቱን ሲጨርስ የሳሎኑን ኮርኒስ ዙሪያውን በጂፕሰም ጌጥ አሠርቶት ነበር። ዳር ዳሩን የወይን ሐረግ፣ አምፖሉ ጋ ደግሞ ትልቅ አበባ አለው። እማዬ ያንን ጌጥ እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምታየው። ዘንድሮ የድሮ ነሐስ እንዲመስል ይቀባልኝ አለች፤ መከራችን የጀመረውም ያኔ ነው።

መጀመሪያ ያገኘነው ሰው ቀብድ ተቀብሎ ስልኩን አጠፋ። ሁለተኛው እንኳን መጣ፤ ግን ምን ዋጋ አለው! የሚያብለጨልጭ የወርቅ ቀለም ደፍቶበት ሄደ። ሐረጉ ተደፍኖ ቅጠሉ ከግንዱ አይለይም። ሽታው የእማዬን አስም ቀስቅሶባት ጎረቤት ሄዳ አደረች። ስናማርርበት ጭራሽ "ይሄማ አርጅቷል፣ ነቅላችሁ አዲስ ግዙ" አለን። የአባቴን ጌጥ! እማዬ አለቀሰች። ብሩም እዚያው ቀረ።

በመጨረሻ ጓደኛዬ ይሄን ልጅ ላከችልን። እግዚአብሔር ይስጣት! መሰላል ላይ ወጥቶ ጌጡን በጣቱ ሲዳብስ ቆየና "ማዘር፣ አይነቀልም፤ ምንም አልሆነም" አላት። የእማዬን ፊት ያኔ ብታዩት! ቀብድ የሚባል አልጠየቀም። አስም እንዳለባት ሲሰማ የውሃ ቀለም አመጣ፤ መስኮቱንም ከፍቶ ነው የሚሠራው። የተደፈነውን ቀለም በቀጭን እንጨትና በጥርስ ብሩሽ እየፈለቀቀ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ አወጣቸው። ከዚያ የጂፕሰም ቁራጮች ላይ የተለያየ መልክ ቀብቶ አምጥቶ "ማዘር፣ ቀንም ይዩት፣ ማታም መብራት አብርተው ይዩት፤ የወደዱትን ይነግሩኛል" ብሎ ትቶላት ሄደ። እስከዚያ ድረስ ማንም ምርጫዋን ጠይቋት አያውቅም!

አሠራሩን እንኳን እኔ አላውቀውም። ከሥር ጠቆር ያለ ይቀባል፣ የነሐሱን ይደርብበታል፣ በላዩ ደግሞ ቡናማ ነገር አድርጎ ወዲያው በጨርቅ ይጠርገዋል። የቀባኸውን ለምን ትጠርገዋለህ ብለው፣ "የቄሶችን የእጅ መስቀል አይተሽ የለ? ሰው የሚሳለመው ጋ ያበራል፣ ቅርጹ ውስጥ ይጠቁራል። የድሮ የሚያስመስለው እሱ ነው" አለኝ። እውነትም ሐረጉ ያ መስቀል ሆኖ ቁጭ አለ! አክስቴ እውነተኛ ነሐስ ያስመጣን መስሏት ዋጋውን ጠየቀችን።

ሲጨርስ ወለሉን ጠርጎ፣ ሶፋውን ቦታው መልሶ፣ የእማዬን ቡና ጠጥቶ ነው የሄደው። ዋጋውም መጀመሪያ ከተነጋገርነው ላይ አንድ ብር አልጨመረም።

ስለዚህ እባካችሁ ይሄን ልጅ አሠሩት። የጂፕሰም ጌጥ፣ የፎቶ ፍሬም፣ የበር ዙሪያ፣ ያላችሁን ሁሉ ስጡት። ጌጣችሁን ንቀሉ ያላችሁ ሰው ካለም እሱ ሳያየው እንዳትነቅሉ። በዓል ሲቃረብ ሥራ ስለሚበዛበት ቀደም ብላችሁ ያዙት። ስልኩን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ወዲያው እልክላችኋለሁ።