በጸሎት የተከፈተ ስብሰባ፣ በጸሎት የተዘጋ ጥያቄ፦ የቀበሌያችን የሕዝብ ውይይት ሲመዘን

ቀበሌ ስብሰባ በጠራ ቁጥር የእህል ሱቄን ዘግቼ እሄዳለሁ። ብዙውን ጊዜ የሚጠራው ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ማሾና ሽንኩርት የሚጫንበት የገበያ ቀናችን ስለሆነ የግማሽ ቀን ገቢዬን ትቼ ነው የምቀመጠው። ስለዚህ ይህን አገልግሎት ገንዘብ ከፍዬ እንደገዛሁት ዕቃ አገላብጬ ማየት መብቴ ነው ብዬ አምናለሁ። ባለፈው የካቲትና ግንቦት የተደረጉትን ሁለት ስብሰባዎች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከታትያለሁ። የምኖረው በሰሜን ሸዋ ቆላማው ክፍል፣ መንገድ ዳር ባለች ከተማ ነው። የከተማዋንም የቀበሌውንም ስም አልጽፍም፤ የሚሠሩበት ልጆች ጎረቤቶቼ ናቸው፣ መታወቂያዬንም የማሳድሰው እነርሱ ዘንድ ነው።

የአንድ ዕድር ጸሐፊ ከሆንኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ቃለ ጉባኤ መያዝ ስለለመደብኝ የትም ብሄድ ሰዓት እመዘግባለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ሰዓቶች ሁሉ ከደብተሬ የተገለበጡ ናቸው።

አዳራሹን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። ቆርቆሮው ከረፋዱ ጀምሮ እንደ ምጣድ ይግላል፤ መስኮቶቹ ግማሾቹ አይከፈቱም፤ ከሁለቱ ድምፅ ማጉያዎች የቀኙ ያፏጫል። ወንበር ግን በቂ ነው፤ ለአረጋውያን ፊት ላይ ቦታ ይያዝላቸዋል፤ ይህ ያስመሰግናቸዋል።

የየካቲቱ ስብሰባ የተጠራው ለ2፡30 ነበር። ሊቀመንበሩ የገቡት 3፡15 ነው። 3፡20 ላይ «ሁላችንም ተነሥተን በጸሎት እንክፈት» ተባለ። ለዚሁ የተጋበዙ አንድ ሰባኪ ነበሩ። ጸሎቱ አጭር ነበር፤ ከጸሎቱ በኋላ ስብከት፣ ከስብከቱ በኋላ መዝሙር፣ ከዚያ እንደገና ጸሎት ተከተለ። የተቀመጥነው 3፡46 ላይ ነው።

እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ። መንዝ፣ ሞላሌ አጠገብ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ሳላማትብ የሱቄን መዝጊያ ከፍቼ አላውቅም። ሃያ ስድስት ደቂቃ ጸሎት በዝቶብኝ አይደለም ይህን የምጽፈው። ቅዳሴ ላይ ከዚያ ብዙ እጥፍ የሚረዝም ሰዓት ቆሜ እግሬን ሳይደክመኝ እመለሳለሁ። የጻፍኩት ከጎኔ ያዩት ዓይኖቼ ስላላስተኙኝ ነው።

ከጎኔ የነበሩት ከአልዩ አምባ በኩል የመጡ፣ ሃያ ዓመት በጉርብትና የኖርን ሙስሊም አርጎባ እናት ናቸው። የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ነበር። ሰው ሁሉ ሲነሣ እርሳቸውም ተነሡ፤ ግን ግማሽ ብቻ። ጉልበታቸው ቀጥ አላለም፤ ወንበሩም ላይ አልተመለሱም። በአንድ እጃቸው ሕፃኑን፣ በሌላው የፊተኛውን ወንበር ጀርባ ይዘው እንዳጎነበሱ ቆዩ። የሚመለከቱት ሰባኪውን አልነበረም። በሩ አጠገብ የስም መዝገብ ይዞ የቆመውን ወጣት ነበር። ስንወጣ «እማማ፣ ጉልበትዎን እያመመዎ ለምን አልተቀመጡም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ከጠየቅሁ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። ተቀምጣ ታየች እንዲሉኝ አልፈለግሁም» አሉኝ።

ልብ በሉ፤ ማንም ተነሡ ብሎ አልተቆጣቸውም። ወጣቱም በመዝገቡ ላይ የጻፈው ነገር ያለ አይመስለኝም። ግን ደብዳቤ የሚፈርመውና ጸሎት የሚያስጀምረው አንድ ጠረጴዛ ሲሆን የሰው ጉልበት በራሱ ይነሣል። ቀበሌ ከተፈጠረበት ከ1967 በኋላ ባሉት ዓመታት፣ እኔ ልጅ ሆኜ፣ ስብሰባ የሚከፈተው በመፈክር ነበር። ግራ እጃችንን ጨብጠን ወደ ላይ እናነሣ ነበር። እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ከሰው ትንሽ ዘግይታ ስታነሣ ትዝ ይለኛል። የጎረቤቴን አጎነባበስ ሳይ የታየኝ የእናቴ እጅ ነው።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሕግ የተማረው የእህቴ ልጅ ለፋሲካ ሲመጣ ይህንኑ አጫወትኩት። እርሱም አንድ ሌሊት ሙሉ አስተማረኝ ብል ማጋነን አይሆንም። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 ቤተ ክርስቲያናችን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ አያቴ በዳኛ ፊት ሲቆም ችሎቱም ጸሎቱም የአንድ ቤት ነበሩ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኔ ያላስተዋልኩት ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ 12ን ነበር፤ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን አለበት ይላል። ሁለቱ አንቀጾች ጎን ለጎን መቀመጣቸው ለምን እንደነካኝ ዝቅ ብላችሁ ታዩታላችሁ።

በሌላውም ዓለም ጉዳዩ ሰውን ፍርድ ቤት አድርሷል። ግሪስ በምትባል የኒው ዮርክ ግዛት ከተማ ሁለት ሴቶች የምክር ቤቱን የመክፈቻ ጸሎት ተቃውመው ከሰሱ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ጸሎቱ ይቀጥል አለ። በዓመቱ የካናዳው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኩቤክ የምትገኘው የሳግኔ ከተማ ምክር ቤት ጸሎቱን እንዲያቆም ወሰነ። ጎረቤታሞች ሆነው በአንድ ነገር ለሁለት ተከፈሉ ማለት ነው። እኔን ያስደነቀኝ ግን በአሜሪካው ጉዳይ በተሸናፊው ወገን የነበሩት ዳኛ ኤሌና ካጋን የጻፉት ነው። አንዲት ሙስሊም ሴት ፈቃድ ለመጠየቅ ወይም ሐሳቧን ለመስጠት ምክር ቤቱ ፊት ብትቀርብና የሌላ እምነት ጸሎት ቢጀመር ምን ታድርግ ብለው ምሳሌ ሰጥተዋል። ልጁ ሲነግረኝ ሻይዬን አስቀመጥኩ። የአልዩ አምባዋን እናት አይተው የጻፉት መስሎኝ ነበር።

ወደ የካቲቱ ስብሰባ ልመለስ፤ ከመክፈቻው ይልቅ የከፋው መዝጊያው ነበርና። አጀንዳው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ነበር። ባለፈው ክረምት ጎርፍ ሁለት ጊዜ ቤታችን ገብቷል፤ የአንድ ኩንታል ማሾዬ ከረጢቱ ውስጥ በቅሎ አግኝቼዋለሁ። ለቦዩ ማሠሪያ እያንዳንዱ አባወራ አምስት መቶ ብር አዋጥቷል። ሪፖርቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ተነበበ፤ የተሰበሰበው ገንዘብ ልክ ግን አልተነገረም። 5፡40 ላይ ጥያቄ ያለው ተባለ። አንድ አናጢ ተነሥቶ «ገንዘቡ ስንት ደረሰ? የትኛው ባንክ ነው ያለው?» አለ። ከኋላው አምስት እጆች ተነሡ፤ አንዱ የእኔ ነበር። ሊቀመንበሩ ሰዓታቸውን አዩና «ጥያቄው ጥሩ ነው፤ በጽሑፍ ይደርሳችኋል። አሁን አባታችንን እንዳናስቆማቸው በጸሎት እንዝጋ» አሉ። ሰባኪው ተነሡ። የተነሡት እጆች ወረዱ፤ ወርደውም ሊያማትቡ ግንባር ላይ ሄዱ። የእኔም እጅ ሄደ።

በስመ አብ ሲባል እጄን አንሥቼ ልቆይ? አይቻለኝም። ማንም ምእመን አይቻለውም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከማንም በላይ የተበደለው ጸሎቱ ራሱ ነው፤ ለሒሳብ መደበቂያ መጋረጃ ተደርጓልና። በጽሑፍ ይደርሳችኋል የተባለው መልስም እስከ ግንቦት አልደረሰም።

በግንቦቱ ስብሰባ ዋዜማ እኔና የዕድራችን ዳኛ ሊቀመንበሩን ቢሯቸው ሄደን አነጋገርናቸው። ዕድራችን የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ነው፤ ድንኳኑ አንድ፣ መጥበሻው ግን ለየብቻ ነው። ስብሰባችንን የሚከፍተው በዕድሜ ታላቁ ነው፤ ይመርቃል፣ አበቃ። ሁለት ነገር ብቻ ለመንን። መክፈቻው ሁሉም የሚቀበለው ምርቃት ይሁን፤ መዝጊያው ደግሞ የጥያቄዎች መልስ ይሁን። ሊቀመንበሩ መጀመሪያ ፊታቸው ቀላ፤ «እትዬ፣ ጸሎት ይቅር ልትሉ ነው?» አሉኝ። «ጸሎት እንዲከበር ነው የመጣሁት» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና ተስማሙ። ሰው ሲነግሩት መስማት ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል።

ግንቦት ላይ 3፡10 ሲሆን አንድ ነጭ ጥምጣም ያደረጉ የሙስሊም ሽማግሌ እዚያው ባሉበት ተነሡ። ማይክሮፎኑንም አልፈለጉም። ሁለት መዳፋቸውን ከፍተው «ዝናቡን የምሕረት ያድርግልን» አሉ። «የዘራነው ይብቀል። የታመመ ይዳን፤ የራቀ በሰላም ይግባ። አገራችንን ሰላም ያድርግልን። ለመሪዎቻችን ልቦና ይስጥልን።» ከእርሳቸው ቀጥለው አንድ ቄስ፣ መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ እንደያዙ፣ «ያሉትን ይስማን» ብለው ብቻ ተቀመጡ። በየመካከሉ ግማሹ ሰው አሜን፣ ግማሹ አሚን ይላል። በአንድ አፍ ሲወጣ ሜውና ሚው ተደባልቆ የሚሰማው መጨረሻው ላይ ያለው «ን» ብቻ ነበር። በደብተሬ የመዘገብኩት አራት ደቂቃ ነው። የተነሣም የተቀመጠም ነበረ፤ ጎረቤቴ ተቀምጠው ሕፃኑን እያባበሉ አሚን ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። ደብዳቤያቸውም በመጋቢት ደርሷቸዋል።

የጥያቄው ጊዜ 4፡35 ተጀምሮ 5፡50 አለቀ። የገንዘቡ ልክ ተነገረ፤ ያለበትም የባንክ ሒሳብ ተነገረ። የወጣው ወጪ ደረሰኝ ግን ገና ሙሉ አይደለም፤ ለሐምሌ ቀጠሮ ተይዞለታል። ቦዩ የተቆፈረው እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ብቻ ነው፤ ክረምቱ ደግሞ አይጠብቅም። በዚህ አሁንም ቅሬታ አለኝ።

ከአምስት እሰጣለሁ ካላችሁ፦ ለየካቲቱ አንድ፣ ለአረጋውያኑ ወንበር ሲባል። ለግንቦቱ አራት፤ አምስተኛውን ደረሰኙ ሲሟላ እጨምራለሁ። የሐምሌው ስብሰባ ላይ የምትመጡ፣ 2፡30 ቢባልም 3፡00 ብትደርሱ ትደርሱበታላችሁ። በግራ በኩል ተቀመጡ፤ የቀኙ ድምፅ ማጉያ አልተሠራም። አምስት መቶ ብር የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ያዙ፤ የእኔ ተራ ቁጥር ከዝርዝሩ ጋር ስላልገጠመ እዚያው እንዲስተካከልልኝ እጠይቃለሁ።