በባሕር ዳር «የድሮ ዘመን ሙሉ ልብስ» በጥቅል ዋጋ ለምትገዙ ሁሉ የቀረበ ማስጠንቀቂያ

ለጥምቀት፣ ለምረቃ ወይም ለመልስ የአያቶቻችንን ዘመን የሚያስታውስ አለባበስ ለማዘጋጀት ያሰባችሁ የባሕር ዳርና የአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ ካፖርቱን፣ የሽመና ቀሚሱን፣ ነጠላውንና መቀነቱን አቀናጅቶ በአንድ ጠቅላላ ዋጋ ለሚያቀርብላችሁ ነጋዴ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት፣ እያንዳንዱን ልብስ ለየብቻ አይታችሁ ዋጋውንም ለየብቻ እንድትጠይቁ አጥብቄ አሳስባለሁ። ማታለሉ የሚደበቀው በጥቅሉ ዋጋ ውስጥ ነው።

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን የአክስቴ ልጅ እንዲህ ያለውን ሙሉ ልብስ በቴሌግራም አይታ በ14 ሺህ ብር ተስማማች። ግማሹን በቴሌብር አስቀድማ ከፈለች፤ ልብሱን የተረከበችው ግን በከተራ ዋዜማ፣ ያውም ከመሸ በኋላ ነበር። «የ60ዎቹ ካፖርት» የተባለው ከቦንዳ የወጣ የቅርብ ጊዜ ልብስ፣ «የእጅ ፈትል» የተባለው ቀሚስ ጥበቡ በማሽን የታተመበት ሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ «የአያት ነጠላ» የተባለውም በሻይ ውኃ ተነክሮ እንዲወይብ የተደረገ አዲስ ነጠላ ሆኖ ተገኘ። እናቷ አብረዋት ሄደው ገንዘቡ እንዲመለስ ሲጠይቁ የተሰጣቸው መልስ «እማማ፣ በልኳ አሳጥረነዋል፤ የተቆረጠ ልብስ አይመለስም፤ ዋጋውም የጥቅል ስለሆነ ተነጥሎ አይታሰብም» የሚል ነበር። ልብሱ ገዢዋ በዓይኗ ሳታየው በላከችው ልክ ተቆረጠ፤ ይኸው መቆረጡ ደግሞ ላለመመለሱ ምክንያት ሆኖ ቀረበ። ይህ በድንገት የተፈጠረ ችግር ሳይሆን አስቀድሞ የታሰበበት አሠራር እንደሆነ አምናለሁ።

ከጥቅሉ ውስጥ ትልቁን ዋጋ የሚሸከመው የሽመና ቀሚሱ ነው። በእጅ የተሸመነ ልብስ ውድ መሆኑን ሁላችንም ስለምናውቅ የጠቅላላው ዋጋ መናር አያስደነግጠንም፤ ስለዚህ ምርመራችሁን ከቀሚሱ ጀምሩ። በሸማኔ እጅ የተሠራ ጥበብ ባለቀለሙ ክር ከማጉ (በአግድም ከሚገባው ክር) ጋር አብሮ ስለሚገባ፣ ጨርቁን ገልብጣችሁ ስታዩት ክሩ በጀርባውም ይገኛል። የታተመው ግን ጀርባው ይፈዛል ወይም ከነጭራሹ ነጭ ይሆናል፤ ጣታችሁን ብታሳልፉበትም ከጨርቁ ከፍ ያለ ክር አይሰማችሁም። የእጅ ፈትል ማግ ውፍረቱ ወጥ አይደለም፤ ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ስታዩት ቀጠን ወፈር እያለ ይሄዳል። ሆኖም ዛሬ ዛሬ ድሩ (በቁመት የተዘረጋው ክር) በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ስለሆነ፣ የድሩን ወጥነት ብቻ አይታችሁ ሐቀኛውን ሸማኔ እንዳትጠረጥሩት አደራ እላለሁ። ቀሚሱ ጥልፍ ካለው ደግሞ ጀርባውን ተመልከቱ፤ የእጅ ጥልፍ ቋጠሮና ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው የተሻገረ ክር ይታይበታል፣ የማሽን ጥልፍ ግን ከጀርባው እኩል የሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ነጭ የሆነ ክር ይዞ ይገኛል። የማሽን ጥልፍ መልበስ ነውር የለበትም፤ ነውሩ በእጅ ጥልፍ ዋጋ መሸጡ ነው።

ጥርጣሬው ካልለቀቃችሁ ከውስጥ ስፌቱ አንዲት ክር እንድትመዘዝ ጠይቁና ከልብሱ ራቅ አድርጋችሁ በሳህን ላይ ለኩሷት። ጥጥ ሲቃጠል እንደ ወረቀት ይሸታል፣ በጣት የሚደቅ ግራጫ አመድም ይተዋል። ፖሊስተር ግን ቀልጦ ይኮማተራል፤ ሲበርድም የማይደቅ ጠንካራ እንክብል ይሆናል።

የካፖርቱን ዕድሜ የሚናገረው በውስጡ የተሰፋው መለያ ጨርቅ (ሌብል) ነው። በአሜሪካ የእጥበት መመሪያ በልብስ ላይ እንዲሰፋ የሚያስገድደው ደንብ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1972 ሲሆን፣ በጽሑፍ ፈንታ የሥዕል ምልክቶችን ብቻ መጠቀም የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ስለዚህ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ካፖርት የእጥበት ምልክቶችን ብቻ ይዞ ከተገኘ የ60ዎቹ ሊሆን አይችልም፤ የድረ ገጽ አድራሻ የተጻፈበትማ ጥያቄም አያስፈልገውም። በአንጻሩ «የምዕራብ ጀርመን ሥሪት» የሚል ጽሑፍ ልብሱ ሁለቱ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1990 ከመዋሐዳቸው በፊት መሠራቱን ያሳያል። ሌብሉ ተቆርጦ የወጣለት ካፖርት ሲቀርብላችሁ ለምን እንደተቆረጠ ጠይቁ።

ነጠላውን ለመፈተን እርጥብ ነጭ መሐረብ ይበቃል፤ ስታሹት ቡናማ ቀለም ከለቀቀ የወየበው በዕድሜ ላይሆን ይችላል።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛና በቂ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል፤ የዕቃውን ጥራት በማየቱ ወይም ዋጋ በመከራከሩ ብቻም እንዲገዛ አይገደድም። ጉድለት ያለበት ዕቃ ሲያጋጥመውም ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ይህን ለማስረዳት ደረሰኝ ያስፈልጋል፤ የጥቅል ሽያጩ ሌላው ጉዳት የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ ስለሆነ ነጋዴው ለካፖርቱ ደረሰኝ መቁረጥ አይፈልግም፤ ካፖርቱን ከቀሚሱ ጋር ሲያጣምረው ደግሞ በሕጋዊ መንገድ የተሠራው ቀሚስም ያለ ደረሰኝ ይሸጣል። ደረሰኝ ባይሰጣችሁ እንኳ ምስሉን፣ ስለ ልብሱ የጻፈላችሁን መግለጫና የክፍያ ማረጋገጫውን ሳታጠፉ አስቀምጡ።

እንዲህ ያለውን ልብስ ራሳችሁ ብታሟሉት ይሻላል። እውነተኛው የድሮ ካፖርት ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዘመድ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ትልልቆቹን ብትጠይቁ እጀ ጠባብና ተፈሪ ሱሪ ሳይቀር ሊወጣላችሁ ይችላል። ቀሚሱን በቀጥታ ከሸማኔ እዘዙ፤ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ የሚኖረው የአውራምባ ማኅበረሰብም በሽመናው የታወቀ ነው። ስለ ጨርቁ እርግጠኛ ካልሆናችሁ እ.ኤ.አ. በ1961 በተቋቋመው በከተማችን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ ጡረተኞች በየሰፈሩ አሉና አሳዩአቸው፤ ዳስሰው ይነግሯችኋል።

አሁን ቀብድ ከፍላችሁ ልብሱን ገና ያልተረከባችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ሳታዩት እንዳይቆረጥ ዛሬውኑ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ርክክቡም ከበዓሉ ብዙ ቀናት ቀደም ብሎ፣ በቀን ብርሃን እንዲሆን ጠይቁ። ነጋዴው ይህን እንቢ ካለ ቀሪውን ገንዘብ አትክፈሉት።