ድሬዎች፣ «ታድሷል» የተባለ ፒያኖ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

እኔ ተበልቻለሁ፣ እናንተ እንዳትበሉ ነው የምጽፈው። ራሱን የሚጫወተውን የድሮ ፒያኖ ታውቁት ይሆናል። ፔዳሉን በእግር ስትረግጡ ዜማው በቀዳዳ የተበሳበት ጥቅልል ወረቀት ይዞራል፣ ቁልፎቹም ጣት ሳይነካቸው ይወርዳሉ። ልጅ ሆኜ አንዴ አይቼው ከልቤ አልወጣም ነበር። ስለዚህ ደላላው ከዚራ ውስጥ አንድ አለ ሲለኝ ጊዜ አልወሰደብኝም።

ሻጩ «በባቡሩ ዘመን የመጣ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ታድሷል» አለኝ። ቫርኒሹ ያበራል። በእጅ ስነካውም ድምፁ ደህና ነው። እስቲ ወረቀቱን እንሞክረው ስለው «እንዳይቀደድ፣ ቤትህ ወስደህ ሞክረው» አለኝ። መንቃት የነበረብኝ እዚያ ላይ ነበር። 120 ሺህ ብር ከፍዬ ሳቢያን ድረስ አስጫንኩት።

ቤት ስረግጠው ፔዳሉ ልፍስፍስ አለ። ሦስት አራት ድምፅ አሰማና ዝም።

ይሄ ፒያኖ የሚሠራው በትንፋሽ ነው። ፔዳሉ ከውስጥ ያለውን አየር ይስባል፤ የወረቀቱ ቀዳዳ ወረቀቱ ከሚያልፍበት የናስ ዘንግ ቀዳዳ ጋር ሲገጥም አየር ይገባል፣ ቫልቭ ይከፈታል፣ የዚያ ድምፅ የሆነችው ትንሽ ወናፍ ትጨመደድና መዶሻውን ትገፋዋለች። በተለመደው ዓይነት እንዲህ ያሉ ወናፎች 88 ናቸው። የለበሱት ጎማ የተቀባ ጨርቅ ሲያረጅ ይደርቃል፣ ቱቦዎቹም ይሰነጠቃሉ።

የባቡር ጋራዥ ጡረተኛ የሆነው አጎቴ መጣና እጣን አጨስን። እኔ እረግጣለሁ፣ እሱ ጭሱን በየመጋጠሚያው ያዞራል። ቀጥ ብሎ ይወጣ የነበረው ጭስ ድንገት ጎበጥ ይልና ወደ እንጨቱ ውስጥ ይገባል። አንድ ሁለት ቦታ ቢሆን ደግ፣ በየስንዝሩ ነው! ሰሌዳዎቹን ስናነሳ ጉዱ ወጣ። ወናፎቹ ላይ የመኪና ከመነዳሪ ተቆርጦ ተለጥፏል፣ በየስንጥቁ ሲሊኮን ተሞልቷል። ከመነዳሪ ወፍራም ስለሆነ ትንሿ ወናፍ ልታጥፈው አትችልም። ሲሊኮኑ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። የድሮዎቹ ሠሪዎች የተጠቀሙት የቆዳ ሙጫ በሙቀትና በእርጥበት ስለሚለቅ፣ የሚቀጥለው ጠጋኝ እንጨቱን ሳይጎዳ ይከፍተዋል። ሲሊኮን የነካው እንጨት ግን ሌላ ሙጫ አይቀበልም፣ እስኪጠራ መፋቅ አለበት።

ወረቀቶቹም ቢሆኑ ግማሾቹ የሌላ ማሽን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1908 አሜሪካኖቹ ፋብሪካዎች ባለ 88ቱን መለኪያ አድርገው ተስማሙ፤ በአንድ ኢንች 9 ቀዳዳ ማለት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ባለ 65 በኢንች 6 ነው። የወረቀቱ ወርድ እኩል ነው፣ ቀዳዳው ግን ከዘንጉ ጋር አይገጥምም።

ስለዚህ ልትገዙ ስትሄዱ ሰፊ ፕላስተር ያዙ። የናሱን ዘንግ ቀዳዳዎች በሙሉ ሸፍኑና ርገጡ። ፔዳሉ ጠንክሮ እግራችሁን ከታገለ ደህና ነው፣ እንደ ባዶ ከረጢት ከወረደ ያስነፍሳል። ከዚያ ፕላስተሩን አንስታችሁ ወረቀቱን ያስኪዱላችሁ፣ እምቢ ካሉ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ። ሰሌዳዎቹንም አስከፍቱ፤ ሲሊኮን ካያችሁ ዋጋው ግማሽ ቢሆን እንኳ አትንኩት። ቀብድም ቢሆን ሳታዩ አትስጡ።

ሻጩ ስልክ ማንሳት አቁሟል። እኔና አጎቴ በየማታው በምላጭ እየፋቅን ነው፣ እስከ ትናንት 11 ወናፍ ጨርሰናል። ድሬ ወይ ሐረር ውስጥ ትክክለኛ የቆዳ ሙጫ የሚሸጥበትን የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ።