በአራት ኪሎና በፒያሳ አካባቢ የጎ ጨዋታ መማር ለምትፈልጉ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው አንዲትን መምህርት በአደባባይ ለማመስገንና የጎ ጨዋታን ከሥሩ ለመማር ለሚፈልግ ሁሉ እሷን ለመጠቆም ነው። ስሟን እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ ፈቃዷን አክብሬያለሁ። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ፣ አንድ ካፌ ፎቅ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጥቁርና ነጭ ጠጠር ደርድራ የምታስተምር ወጣት ያየ ሰው ግን ማንን እንደምል ወዲያው ያውቃል።

ጨዋታውን ለማያውቁ ባጭሩ ልናገር። ጎ መነሻው ቻይና ነው፤ ቻይናውያን ዌይቺ፣ ኮሪያውያን ባዱክ ይሉታል። ሰሌዳው 19 በ19 መስመር ሲሆን 361 መገናኛ ነጥቦች አሉት። ጥቁር ይጀምራል፤ ከዚያ ሁለቱ ተጫዋቾች በየተራ አንዳንድ ጠጠር መስመሮቹ በሚገናኙበት ነጥብ ላይ ያኖራሉ። የተቀመጠ ጠጠር ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ በአራቱም አቅጣጫ ተከብቦ መተንፈሻ ካጣ ግን ተማርኮ ይነሳል። በመጨረሻ ሰፊ ቦታ የከበበው ያሸንፋል። ደንቡ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

እኔ ቼዝና ዳማ እየተጫወትኩ ያደግሁ ሰው ነኝ። በቼዝ ጦሩ ተሰልፎ ይጠብቅሃል። በአገራችን ሰንጠረዥም ቢሆን ጨዋታው የሚከፈተው በወረራ ነው፤ የመጀመሪያው ምርኮ እስኪወሰድ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ፤ ይሁን እንጂ ንጉሡም ፈረሱም አስቀድመው ሰሌዳው ላይ ናቸው። ጎ ግን ባዶ ሰሌዳ ያቀርብልሃል። የመጀመሪያው ጠጠር የት ይቀመጥ? መምህርቷ ትምህርቷን የምትጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው፤ መልሷም ጥግ ነው። እመኑኝ ብላ አታልፍም። ጠጠር ትሰጥህና ዘጠኝ ባዶ ነጥቦችን በገዛ እጅህ እንድትከብብ ታደርግሃለች። መሃል ሰሌዳ ላይ 12 ጠጠር ይፈጃል፤ ጠርዝ ላይ 9፤ ጥግ ላይ 6 ብቻ። ሁለት ጎኑ በጎረቤት ግንብ የተዘጋ ቦታ ያለው ሰው ለአጥር የሚያወጣው ግማሹን እንደሆነ ሁሉ፣ የሰሌዳው ሁለት ጠርዞች ሥራህን ይሠሩልሃል። ለዚህ ነው ባለሙያዎች መጀመሪያ አራቱን ጥጎች፣ ቀጥሎ ጠርዞቹን፣ ከዚያ መሃሉን የሚይዙት።

ጥግም ቢሆን አንድ ዓይነት አያያዝ የለውም። ከሁለቱም ጠርዝ አራተኛው መስመር ላይ፣ ማለትም 4-4 ላይ የተቀመጠ ጠጠር በአንድ እርምጃ ጥጉን ይሸፍናል፤ ወደ መሃልም ያያል፤ ከሥሩ ያለው 3-3 ግን ክፍት በር ነው። በ3-3 የሚጀምር ሰው ጥጉን ያለ ክርክር ይወስዳል፤ ዋጋው ዝቅ ብሎ፣ ማለትም ወደ ጠርዝ ተጠግቶ መቀመጥ ነው። 3-4 ደግሞ ወደ አንዱ ጎን ያደላል፤ ጥጉን ለመዝጋት አንድ ጠጠር መጨመር ይፈልጋል፤ ባላጋራ ከዚያ በፊት ቀርቦ ሊያውክ ይችላል። ባላጋራ ሲቀርብና ሲመለስለት ለሁለቱም ወገን ሚዛናዊ ውጤት እንደሚሰጡ በዘመናት ልምድ የተረጋገጡ የእርምጃ ተከታታዮች አሉ፤ ጆሴኪ ይባላሉ። ብዙ ጊዜ አንዱ ጥጉን ይዞ ይወጣል፤ ሌላው ወደ ውጭ የሚያይ ግድግዳ ያገኛል።

የዚህችን ሴት ብቃት ያየሁት ጆሴኪን በምታስተምርበት መንገድ ነው። በጃፓን ተጫዋቾች ዘንድ የታወቀ አባባል አለ፤ ጆሴኪ በቃሉ ያጠና ሰው በሁለት ጠጠር ያህል ይደክማል ይላል። እሷ ይህን አባባል ከልቧ ታምንበታለች። አብሮን የሚማር አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲመጣ በስልኩ ያጠናቸው ተከታታዮች ብዛት የሚያስደንቅ ነበር። ምንም በቃሏ ያላጠናች የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አራተኛው እርምጃ ላይ ካጠናው ተከታታይ ወጣችበትና ጉዞው እዚያው ቆመ። መምህርቷ ትክክለኛውን መልስ አላሳየችውም። ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየመለሰች፣ «ይህ ጠጠር ምን ሊጠብቅ ነው የመጣው? እሷ ባትመልስልህ ኖሮ ቀጥሎ ምን ልታደርግ ነበር?» እያለች ጠየቀችው። ልጁ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ መልሱን ራሱ አገኘው። እኔንም እንዲሁ ነው የምትጠይቀኝ፤ «ጋሼ፣ ይህችን ጠጠር ለምን እዚህ አኖሯት?» ትለኛለች፤ መልሴ እስኪጠራ ድረስም አትለቀኝም። ጨዋታ የሚችሉ ሰዎች ብዙ አይቻለሁ፤ እንዲህ ጠይቆ የሚያሳውቅ ግን ጥቂት ነው።

ከትምህርቷ ሁሉ ያረካኝ የ3-3 ወረራ ነው። ጥቁር 4-4 ላይ ተቀምጧል እንበል፤ ነጭ ዘው ብሎ 3-3 ላይ ይገባል። ጥቁር ከሁለት ወገን በአንዱ ይዘጋል፤ ነጭ በተከፈተለት በኩል ይዘረጋል፤ ጥቂት ጠጠር ከተለዋወጡ በኋላ ነጭ ጥጉ ውስጥ በሕይወት ይኖራል፣ ማለትም ከእንግዲህ ሊማረክ አይችልም፤ ጥቁር በውጭ በኩል ግድግዳ ይሠራል። መምህርቷ ሁለተኛው እርምጃ ላይ ታስቆምሃለች። በየትኛው ወገን ነው የሚዘጋው? ጥጉን ብቻ ካየህ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ መልሱ ያለው ከጥጉ ውጭ ነው። ግድግዳህ ሰፊውን ባዶ ቦታ ወይም የራስህን ወዳጅ ጠጠሮች እንዲያይ አድርገህ ትዘጋለህ። ይህን አንድ ነገር በደንብ የተረዳ ሰው ሌሎቹን ጆሴኪዎች ሲያይ ዓይኑ ወዲያው ወደ ሰሌዳው ሁሉ ይሄዳል።

በዚያው ትምህርት ታሪኩንም ትነግራለች። እ.ኤ.አ. በ1933 ጎ ሴይገን የተባለ ወጣት ተጫዋች የዘመኑን ታላቅ ሰው ሆኒንቦ ሹሳይን ሲገጥም ከልማዱ ወጥቶ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጠጠሮች 3-3፣ 4-4 እና የሰሌዳው እምብርት ላይ አኖረ፤ በመጨረሻ ሹሳይ በሁለት ነጥብ ቢያሸንፍም የጥግ አከፋፈት እንደ ድሮው አልቀጠለም። ከዚያ በኋላም ቢሆን በጨዋታ መጀመሪያ 4-4 ሥር ገብቶ 3-3 መያዝ ለረጅም ጊዜ እንደ ችኮላ ይታይ ነበር፤ የሚሰጠው ግድግዳ ከሚያስገኘው ጥግ ይበልጣል ተብሎ። እ.ኤ.አ. በማርች 2016 አልፋጎ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ሴኡል ላይ ታላቁን የኮሪያ ተጫዋች ሊ ሴዶልን 4 ለ 1 አሸነፈ፤ በዓመቱ መጨረሻና በአዲሱ ዓመት መግቢያ ደግሞ ማስተር በሚል ስም በኢንተርኔት ታላላቅ ባለሙያዎችን ገጥሞ 60ውንም ጨዋታ ረታ። በእነዚያ ጨዋታዎች ቶሎ 3-3 ሲገባ ታየ። ምስጢሩ ቀድሞ እንደ ግዴታ ይደረጉ የነበሩትን ከጠርዝ ሁለተኛው መስመር ላይ ያሉ ልውውጦች መተው ነው። እነዚያ ልውውጦች የጥቁርን ግድግዳ ያጠነክሩ ነበር፤ ሲቀሩ ግን ግድግዳው ደካማ ጎን ይዞ ይቆያል። ይህን ስትነግረን ሁለቱንም ቅርጾች ጎን ለጎን ሠርታ ግድግዳዎቹን እንድናነጻጽር አደረገች፤ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

መሰላል የሚባለው ስልት ላይም ጥብቅ ናት። አንድ ጠጠር አንድ መተንፈሻ ብቻ ቀርቶት ሲሸሽ፣ አሳዳጁ ግራና ቀኝ እየዘጋ በሰያፍ ወደ ተቃራኒው ጥግ ይነዳዋል፤ ጠርዝ ሲደርስ የሸሸው ሁሉ ይማረካል። በመንገዱ ላይ የሸሺው ወዳጅ ጠጠር ካለ ግን ስሌቱ ይገለበጣል፤ አሳዳጁ በየቦታው የሚቆረጥ ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ከ3-4 የሚነሱ ብዙ ጆሴኪዎች በዚህ ላይ ስለሚመሠረቱ፣ የግራውን ጥግ ከመጫወትህ በፊት ከማዶ ያለውን ጥግ ማየት አለብህ ትላለች። በውስብስብነታቸው የታወቁትን ታይሻና ናዳሬ የተባሉትን ጆሴኪዎች መሰላል በትክክል ለማያነብ ተማሪ አታሳይም፤ ትክክል ናት። የሞትና የሕይወቱንም ስሌት ታስይዛለች፦ በሁለተኛው መስመር የተሰለፈና የተከበበ ጠጠር በጠርዝ 6 ከሆነ ይሞታል፣ 8 ከሆነ ይኖራል፤ በጥግ 4 ይሞታል፣ 6 ይኖራል፤ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለውን (በጠርዝ 7፣ በጥግ 5) ግን ተራው የማን እንደሆነ ይወስነዋል።

ስለ አገልግሎቱ ደግሞ ልጨምር። ትምህርቱ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ይጀምራል። ጀማሪዎች በ9 በ9 ሰሌዳ ይጀምራሉ፤ ከዚያ 13 በ13፤ ትልቁ ሰሌዳ ላይ የሚወጡት መክበብና መማረክ ከገባቸው በኋላ ነው። ለተማሪዎች ዋጋውን ትቀንሳለች፤ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲያነቡ ውለው የሚመጡ ልጆች ስላሉ ቦታው ቶሎ ይሞላል። ጸጥታ ትወዳለች፤ ስልክ እየነካካ የሚማር ሰው አትወድም፤ እኔም በዚህ ከእሷ ጋር ነኝ።

ሰሌዳዎቹን ያሠራችው ዋንዛ በሚሠራ አናጢ ነው፤ እሱም ምስጋና ይገባዋል። የጎ ሰሌዳ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ፍጹም ካሬ አይደለም፤ በጃፓን መለኪያ ቁመቱ 45.5፣ ወርዱ 42.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ተቀምጦ በሰያፍ ለሚያየው ሰው እኩል እንዲመስል ነው የረዘመው። አናጢው ይህን ሰምቶ መስመሮቹን በሁለት የተለያየ ርቀት አንድ ሳይዛነፍ አስምሯቸዋል። ለቤቴም አንድ አሠርቻለሁ።

እጅሽ ይባረክ፣ መምህርቴ። መማር የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ አስፈቅጃት ስልኳን እሰጣለሁ፤ ሰሌዳ ለሚፈልግም የአናጢውን አድራሻ እንዲሁ።